የአምስቱ ቦዮች ሐዘን

ውጫሌ፣ ከአምባሰል ግርጌ
ዓርብ የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጁምዓ መልስ

ለተከበርሽው ልጄ ለነጅዋ ዘይኑልአቢዲን፤ ጽናትን ከአምባሰል ተራራ፣ እርጋታን ከሐይቅ ውኃ ለወረስሽው፤ ገና ፊደል ሳትለዪ «ይህ ውኃ ከየት ተነሥቶ ነው የሚመጣው?» ብለሽ ጠይቀሽ፣ በቃል የተሰጠሽ መልስ አልበቃሽ ብሎ አባትሽን እጁን ይዘሽ እስከ ምንጩ ድረስ ላስወጣሽው፤ ዛሬም ባሕር ተሻግረሽ፣ በቡርሳ ከተማ የውኃን ሥርዓት ከሊቃውንቱ እግር ሥር እየተማርሽ፣ የተወለድሽበትን መንደር ቦይ ላልዘነጋሽው፤ የአላህ ሰላም፣ እዝነቱና በረከቱ ካንቺ ጋር ይሁን።

እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናትሽ ዑምኩልሱም ጉልበቷን አልፎ አልፎ ከሚያማት በቀር ጤነኛ ናት፤ ቀይቱ ላም ወልዳለች፤ ዘንድሮ የእኛ ረመዳንና የክርስቲያኖቹ ዐቢይ ጾም በአንድ ሳምንት ሊገቡ ስለሆነ፣ በውጫሌ ገበያ ቴምርና ምስር በአንድ ሸራ ላይ ተጋፍተው ተዘርግተዋል። ስልክ ብደውልልሽ ስለማታነሺ፣ እንደ ቀድሞው ዘመን በብዕር ጽፌ፣ ገጾቹን ፎቶ አንሥቼ በቴሌግራም ልልክልሽ ቆርጫለሁ፤ ደብዳቤ እንደ ስልክ ጮኾ ዝም አይልምና፣ ባታነቢውም እንኳ ተቀምጦ ይጠብቅሻል። እናትሽ ከአጠገቤ ተቀምጣ ጎመን እየቀነጠሰች በየጊዜው ቀና ትላለች።

«ስንተኛው ገጽ ደረስህ?» ትለኛለች።

«የመጀመሪያው ላይ ነኝ።»

«ሰላምታውን ጨረስህ?»

«ወደ መጨረሱ ነኝ።»

«እንግዲያውስ ልጅቱ ሰላም እስክትባል ትመረቃለች።»

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ማክሰኞ ዕለት የላክሽልን መልእክት ሦስት ዓረፍተ ነገር ነበረው፤ «ፕሮግራሙን አጥፉት። ሰውን በቁሙ አስለቀስሁት። ለክረምትም እኔ አልመጣም።» ዕድሜዬን በሙሉ የተማሪ ድርሰት ሳርም የኖርሁ ሰው ነኝና፣ ሦስቱን ዓረፍተ ነገሮች ደጋግሜ መርምሬ፣ ሰዋስዋቸው እንከን የሌለው፣ ሐሳባቸው ግን ሦስቱም መታረም ያለባቸው ሆነው አግኝቻቸዋለሁ። ስለዚህም ከመጀመሪያው ልጀምርና፣ ፕሮግራሙን አላጠፋሁም፤ አላጠፋምም። ሊያጠፋ የመጣም ቢኖር አስቀድሞ እኔን ከደጄ ማንሣት ይኖርበታል።

የምታውቂውን ደግሜ ብነግርሽ አትሰልቺ፤ ከሩቅ ሆኖ ስሕተቱን ብቻ የሚያይ ሰው የሠራውን ሥራ መጠን ይዘነጋልና። ባለፈው ክረምት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ አንቺ በላፕቶፑ ፊት፣ እኔ በመደቡ ላይ ተቀምጠን፣ በውኃ አባትነት ከአባቴ የተረከብሁትን የአምስቱን ቦዮች ተራ ከቃሌ እየቀዳሽ ጻፍሽው። የዓርብ ውኃ የክርስቲያን ቤቶች፣ የእሑድ ውኃ የሙስሊም ቤቶች መሆኑን፣ ይህም ማንም ሰው ከጸሎቱ ተነሥቶ ዶማ እንዳይጨብጥ አባቶቻችን የተስማሙበት መሆኑን ስነግርሽ፣ ጣትሽን ከላፕቶፑ አንሥተሽ «ይህን ያስተማረኝ መጽሐፍ የለም» አልሽኝ። ከዚያም ፓይተን በሚሉት የኮምፒውተር ቋንቋ አንድ አጭር ትእዛዝ ጽፈሽ፣ ያ ትእዛዝ በአምስቱ ቦዮች ላይ በየተራ እየዞረ አምስት ሰንጠረዥ እንዲሠራ፣ እያንዳንዱንም በየቦዩ ስም እንዲያስቀምጥና ለየቦዩ ሰዎች በስልካቸው እንዲልክ አደረግሽ። እኔ ቅኔ የሚዘርፉትንም፣ መንዙማ የሚያወርዱትንም ሰምቻለሁ፤ በዚያች አነስተኛ ዙር ውስጥ ያን ሁሉ ሕዝብ ያለ ግፊያ ሲገባና ሲቀመጥ ባየሁ ጊዜ ግን፣ ልጄ ምን እንደ ተማረች ያን ዕለት ተረዳሁ።

ከኅዳር ወዲህም መንደሩ ሌላ መንደር ሆነ። ሀውራን ታውቂያታለሽ፤ በታች ቦይ ጫፍ ያለችው፣ ባሏ ከሞተ በኋላ ማሳዋን ብቻዋን የምታርሰው ሴት ናት። በቀድሞው ጊዜ ተራዋ ሲደርስ፣ ከላይ ያለው ሰው «ዛሬ እኮ የኔ ነው፣ አንቺ ነገ ነሽ» ይላታል፤ ነገ ሲመጣም ነገ ይላታል፤ እኔ ውኃው ከሚጠለፍበት ከላይ እስክወርድ ውኃው ተጠጥቶ አልቋል። ዘንድሮ ግን ስልኳን ከመቀነቷ አውጥታ «ይኸው፣ አንብበው፤ ማንበብ ካቃተህ ልጅህን ጥራ» ማለት ጀመረች። በዚህም ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ሽንኩርት ተከለች። ፕሮግራሙን አጥፉ ስትዪ የምታጠፊው ይህን መሆኑን ልብ በዪ።

አሁን ወደ ክፉው ቀን ልምጣ፤ ከዚህም ከዚያም ቁርጥራጩን ሰምተሻልና ሙሉውን ከእኔ ስሚ። በእኛ ዘንድ ሐዘን የገባበት ቤት በተራው ቀን ዶማ እንደማይዝ፣ ቀጣዩ ተረኛ በመጀመሪያ የሐዘንተኛውን ማሳ፣ ከዚያ በኋላ የራሱን እንደሚያጠጣ ታውቂያለሽ። ይህንንም ሳትዘነጊ በየሰንጠረዡ ጎን የምልክት ዓምድ ከፍተሽ ነበር፤ ነገር ግን ሰንጠረዡ ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ ለአላህ ምስጋና ይግባውና፣ በመንደሩ የሞተ ስላልነበረ ዓምዱ ባዶውን ኖረ። ባለፈው ሳምንት ለተብርሃን፣ የባልንጀራዬ የአያሌው ሚስት፣ አንቺን ከወለደቻቸው ለይታ የማታውቅሽ፣ አረፈች። በሚካኤል ቦይ የዕለቱ የመጀመሪያ ተረኛ የአያሌው ቤት ነበርና፣ በስሙ ጎን «ሐዘን» ብዬ ጽፌ፣ ልኬ፣ ከዘራዬን አንሥቼ ወደ ለቅሶው ሄድሁ። ያ የጻፍሁት አንድ ቃል ግን በአምስቱም ሰንጠረዥ ላይ፣ በየመጀመሪያው ቤት ጎን፣ ተጽፎ ነበር።

ምክንያቱን የመስኖ ባለሙያው ማህዲ ኋላ ላፕቶፑን ከፍቶ አሳይቶኛል። የየቤቱን ስም በዙሩ ውስጥ ለየቦዩ አዲስ አድርገሽ ስትፈጥሪ፣ የምልክቱን ዓምድ ግን ዙሩ ከመጀመሩ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ ፈጥረሽ፣ ያንኑ አንዱን ለአምስቱም ሰጥተሻቸዋል። አምስት ቤት በአምስት ስም የሚጠራው አንድ እንስራ ማለት ነው፤ በአንደኛው ቤት የጨመሩበት በአምስቱም ቤት ይቀዳል። እንዲህ ያለውን ስሕተት የሚሠሩ፣ ማህዲ እንዳለው፣ ብዙዎች ናቸው፤ እንዲህ ያለ ፍሬ ያፈራበት ግን የእኛ መንደር ብቻ ይመስለኛል።

ዝናው የላይ ቦይ የመጀመሪያ ተረኛ ነው። ጎረቤቶቹ በስልካቸው «ዝናው ካሳ፣ ሐዘን» የሚለውን አይተው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ «ወንድሜን፣ ወንድሜን» እያሉ ቢሄዱ፣ ሰውየውን ሸሚዙን አውልቆ ሽንኩርት ሲያርም አገኙት።

«ማን ሞቶ ነው?» አላቸው።

«አንተ ንገረን እንጂ፤ እኛማ ለማን እንደምናለቅስ እንኳ ሳናውቅ ነው የመጣነው» አለችው አንዲቱ።

«እኔ ማንም አልሞተብኝም።»

ይህን ባለ ጊዜ ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። የመርዶን ወግ ታውቂዋለሽና፣ ገና ያልተረዳ ሰው መስሏቸው፣ ክንድና ክንዱን ይዘው «ተቀመጥ እስቲ፣ ውኃ ስጡት» አሉት። እሱ «ልቀቁኝ» ባለ ቁጥር እነሱ «አይዞህ» እያሉ አጥብቀው ያዙት። በክህደቱ መጠን ልቅሶው በረታ። ይህን ጊዜ አልጋ ላይ የከረመችው እናቱ ከውስጥ ተጣርታ፣ «ለእኔ ከሆነ ገና ነኝ በሏቸው» አለች። በመስጊድ ቦይ በኩል ደግሞ የመጀመሪያው ተረኛ አሕመዲን የልጁን የሰርግ ዳስ ገና ስላላፈረሰ፣ ለቀስተኛው ዳሱ ውስጥ ገብቶ ተደላድሎ ተቀመጠ፤ ሙሽራይቱ በር ዘግታ «ባሌን ምን አደረጋችሁት?» እያለች መውጣት እምቢ አለች።

ይህ ሁሉ ቢነገር የሚያስቅ ነው፤ አንቺን ያስለቀሰሽ ግን ይህ እንዳልሆነ አውቃለሁ። በአምስት ቦታ የተጠራ ሕዝብ በአምስት ቦታ ስለተበተነ፣ እውነተኛው ሐዘን ያለበት የአያሌው ደጅ ባዶ ነበር መባሉን ሰምተሻል። እውነት ነው። ጀናዛ ባለበት ግቢ ስደርስ ከቤተ ዘመዱ በቀር ጥቂት ሰው ነበር፤ አያሌው በራፉ ላይ ቆሞ መንገዱን ያያል። ሌላው ሰው የመጣው ነገሩ ከተጣራ በኋላ፣ አስከሬኑ ወደ ሚካኤል ሊነሣ ሲል ነው። ይህን ለማስዋብ ቃል የለኝም፤ ቢኖረኝም አላባክነውም።

ነገር ግን ቀጥሎ የሆነውን የነገረሽ እንደሌለ ከመልእክትሽ ተረድቻለሁ። በሠልስቱ ማግስት ወደ አያሌው ሄጄ፣ የቤቴን ይቅርታ ልጠይቅ ስከጅል፣ አፌን ሳልከፍት እሱ ቀደመኝ።

«ዘይኑ፣ በአምስት ሰፈር ያስለቀሰችላት ያቺ የኛ ልጅ ናት አሉ።»

«እሷ ናት» አልሁ።

«ለተብርሃን እኮ በሕይወቷ ወሬ ስትጀምር ሁላችንም ጉዳይ ነበረብን። አሁን ያልዋለችበት ሰፈር ሁሉ ተለቀሰላት። ዝናው ሳይቀር በግድ ተይዞ ለቅሶ ተቀመጠላት እኮ። ይህን ብትሰማ ሆዷን ይዛ ነበር የምትስቀው።»

እሱም ሳቀ፤ ሲስቅም እንባው ወረደ፤ እኔም አብሬው። ከዚያ በኋላ እጄን ይዞ፣ «ነጅዋ ላይ ክፉ የሚናገር ካለ ወደ እኔ ይምጣ፤ ሐዘኑ የእኔ ነው፣ ቂሙም ካለ የእኔ ነው፤ እኔ ደግሞ የለኝም» አለ። ባለ ሐዘኑ ያልያዘብሽን አንቺ በራስሽ ላይ ልትይዢ መብት የለሽም፤ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገርሽ በዚህ ታርሟል።

ትናንት ሐሙስ ቅሬው፣ ዕድርተኛው በሙሉ፣ ዋርካው ሥር ተሰበሰበ። ዝናው ተነሥቶ፣ ተማሪዬ ነበርና ኮፍያውን አውልቆ፣ በአክብሮት ጀመረ።

«መምህር፣ እኔ እርስዎ ላይ ቃል የለኝም። ግን ማሽን ቤቴ ላይ ሟርት አሟረተብኝ። ውኃ በቃል ኖሯል፣ በቃል ይኑር።»

«በቃል በኖረበት ዘመን የሀውራ ማሳ ስለምን ይደርቅ ነበር፣ ልጄ?» አልሁት።

«የታች ሰው ምን ጊዜም ያማርራል።»

ሀውራ ከሴቶቹ መካከል ሆና፣ «የላይ ሰውም ምን ጊዜም እጁ ርጥብ ነው» አለችው፤ ሸንጎው ሳቀ፤ ዝናውም ከአንገት በላይ ሳቀ።

ማህዲ፣ ክፋት የሌለበት፣ ነገር ቶሎ እንዲያልቅ የሚወድ ወጣት፣ ማስታረቂያ ያለውን ሐሳብ አቀረበ። ለአምስቱም ቦዮች አንድ ሰንጠረዥ ብቻ ይሁን፤ ቀኑ ለሁሉም እኩል ይዙር፤ ዓርብ፣ እሑድ፣ ሐዘን የሚባል ነገር ይቅር፤ «ኮምፒውተር ሐዘን አያውቅም» አለ። እኔም ከዘራዬን ተደግፌ ተነሣሁና፣ ኮምፒውተር ሐዘን እንደማያውቅ፣ ዶማም እንደማያውቅ፣ እርሳስም እንደማያውቅ፣ የሚያውቀው የያዘው ሰው እንደሆነ፣ ሐዘንተኛን ከሐዘኑ፣ ሰጋጁን ከሶላቱ፣ ቀዳሹን ከቅዳሴው ጎትቶ ወደ ቦይ የሚያወርድ እኩልነት ደግሞ በአባቶቻችን ዘንድ ያልነበረ፣ በእኔም ዘመን የማይገባ መሆኑን ነገርሁት። ሐዘንን ማስታወስ የፈለገች ልጅ በአንዲት መስመር ብትሳሳት፣ መስመሯ ይታረማል እንጂ ሐዘን አይሰረዝም አልሁ።

«እንግዲያው መምህር» አለ ማህዲ፣ «መስመሯን እኔ አሁኑኑ አስተካክልልዎታለሁ፤ ቦታዋን መቀየር ብቻ ነው።»

«አይሆንም» አልሁት።

ሸንጎው ጉድ አለ። ምክንያቴን ለእነርሱ አልተናገርሁም፤ ላንቺ ግን እናገራለሁ። ያን ዕለት ሌላ እጅ ቢነካው፣ ልጆች እስኪያረጁ ድረስ «የመምህር ልጅ አበላሸችው፣ እገሌ አቀናው» እየተባለ ይኖራል፤ አንቺም ያን ሰምተሽ፣ ቡርሳ ላይ የተማርሽውን ሁሉ ይዘሽ፣ ለሰው አገር ብቻ የምትጠቅሚ ሴት ሆነሽ ትቀሪያለሽ። የተሳሳተ እጅ እስኪያርም ድረስ ስሕተቱ የሱ ነው፤ ካረመ በኋላ ግን ሥራው የሱ ነው። ይህን የምለው በግትርነት እንደሆነ እናትሽ አስረድታኛለች።

«ሰውዬ፣ የሰው ሽንኩርት እየደረቀ አንተ የልጅህን ክብር ትሰፍራለህ?» አለችኝ።

ጥያቄውን ይዤ ወደ ሽንኩርቱ ባለቤት ወረድሁ። ሀውራ ማሳዋ ዳር ተቀምጣ ነበር፤ ክፉው ቀን ከመጣ ወዲህ ውኃው እንደገና በቃል መታዘዝ ስለጀመረ፣ ተራዋ አልፏታል፤ የሽንኩርቷ ጫፍ ቢጫ መሆን ጀምሯል። «ማህዲ ያስተካክለው ካልሽኝ ዛሬውኑ እነግረዋለሁ፤ ፍርዱ ያንቺ ነው» አልኋት።

«ስትመጣ የላይ ሰዎች ስሕተቷን እንዳያነሡባት ነው የፈራህ፣ አይደል?» አለችኝ።

«እሱን ነው።»

«እንግዲያ ልጅቱ ትሥራው። እኔ እጠብቃታለሁ፤ ሽንኩርቱ ግን ብዙ አይጠብቅም በላት።»

ይኸው ብዬሻለሁ።

ቅሬው የሰጠን ጊዜ እስከሚመጣው ሐሙስ ነው። በዚያ ቀን የታረመ ሰንጠረዥ በየሰዉ ስልክ ላይ ከታየ ሥርዓቱ ይቀጥላል፤ ካልታየ ግን ውኃው እንደ ሰሞኑ በቃል እንደታዘዘ ይቀራል፤ የውኃ አባትነቱም ከእኔ ተነሥቶ ለላይ ቦይ ሰው ይሰጣል። ብቻዬን ነኝ ብለሽ አትጨነቂ፤ አያሌው ከጎኔ ነው፣ ሀውራም ከጎኔ ናት፤ ሌላው ሰው ደግሞ ሰላም ሲለኝ ድምፁን ዝቅ ቢያደርግም ሰላም ማለቱን አልተወም። ዕድሜ ልኬን ቦይ ለቦይ የሄድሁ ሰው በአንድ ሐሙስ ሸንጎ አልርድም። ቢሽሩኝም የሚሽሩት ቆሜ ነው፤ ውሳኔያቸውንም በጆሮዬ ሰምቼ፣ ስሕተቱ የት ላይ እንደሆነ በመምህር ወግ ነግሬያቸው ነው ወደ ቤቴ የምገባው።

ሦስተኛውን ዓረፍተ ነገርሽን፣ ለክረምት አልመጣም ያልሽውን፣ አላረምሁትም፤ የራስሽ ነው። እናትሽ ግን ትናንት ያንቺን ክፍል ኖራ አስቀብታ፣ ፍራሹን ፀሐይ ላይ አውጥታ ስትደበድብ ዋለች። ለማን ነው ብላት፣ «ለምስጥ ነው» አለችኝ፤ እኔም እንዳመንኋት ሆኜ ፍራሹን በሌላው ጫፍ ይዤ አገላበጥሁላት።

አብሽሪ፣ ልጄ። አላህ እውቀትሽን ለሰው የሚጠቅም፣ እጅሽን የማይንቀጠቀጥ፣ ስምሽን በአገርሽ አፍ የሚጣፍጥ ያድርገው፤ ከሰው አገር ብርድ ይሰውርሽ፤ ጾሙን በጤና አስጀምሮ በጤና ያስፈታን። አያሌውም በእሱ ወግ፣ «ሚካኤል በክንፉ ይከልላት» በልልኝ ብሎኛል፤ ሁለቱንም ዱዓ አንድ ላይ ተቀበዪው።

ይህን የጻፍሁት አባትሽ ዘይኑልአቢዲን እንድሪስ ነኝ፤ የምጠይቅሽም አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የምልክቱ ዓምድ ለእያንዳንዱ ቦይ ለየብቻው እንዲፈጠር ያቺን መስመር ከዙሩ በላይ አንሥተሽ ዙሩ ውስጥ አስገቢያትና፣ የታረመውን ፕሮግራም እስከ ረቡዕ ማታ ላኪልኝ።